አንድ ሰዓት ሳይጠፋ

ምናሴ ሲቀመጥ ድምፅ ያወጣል። የሚጮኸው ወንበሩ አይደለም፤ እሱ ነው። ጉልበቶቹን በመዳፉ ይዞ ቀስ እያለ ዝቅ ይልና መጨረሻ ላይ «እህህ… ተመስገን» ይላል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል በመካኒክነት የሠራ ሰው ነውና ሁለቱንም ከልቡ ነው የሚላቸው፤ እህህታውንም፣ ተመስገኑንም።

የማውቀው በማኅበር ነው። ወር በገባ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን የቅዱስ ሚካኤልን ጽዋ በየተራ በየቤታችን የምንጠጣ ዐሥራ አንድ አባላት ነን፤ ሁላችንም ዓባይ ማዶ ነዋሪዎች። ከመካከላችን ትንሽ የሚናገረው ምናሴ ነው። ግማሹ ከጠባዩ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ጆሮው ስለ ደከመ ነው። በዚያ አዳራሽ መቶ ማሽን አንድ ላይ ሲንኳኳ ሠራተኞቹ የሚነጋገሩት ከንፈር ለከንፈር እየተያዩ ነው። ስለዚህ ቤቱም ገብቶ፣ ቤተ ክርስቲያንም ቆሞ፣ ሰው ሲያናግረው አፍ አፉን ያያል።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ማሽን ሲቆም ያስነሣል። ብዙውን ጊዜ ማሽኑን የሚያቆመው ጥጡ ራሱ ነው። ከክሩ የሚነሣው ብናኝ እንደ ጉም አዳራሹን ይሞላና የሞተሩን መተንፈሻ ይደፍናል፤ ሞተሩ ይግላል፤ ሲግል ይቆማል። ምናሴ የእጁን ጀርባ ሞተሩ ላይ ያሳርፋል። በመዳፉ አይነካም፤ መዳፉ ደንድኖ ሙቀትና ቅዝቃዜ መለየት ከተወ ቆይቷል። ሙቀቱን ይለካና «ገና ነው» ወይም «ዝጉት» ይላል። ከዚያ በአየር ቱቦ ይነፋዋል። ይኸው ነው። ትምህርቱ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ የቀረውን ያስተማሩት ማሽኖቹ ናቸው።

ከፋብሪካ ሲወጣ ቅንድቡ ላይ ነጭ አለ፣ ጢሙ ላይ ነጭ አለ፣ ሰማያዊ ጋዎኑ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ዱሮ የዓባይን ድልድይ በብስክሌት እየጋለበ ነበር የሚሻገረው፤ አሁን አሁን ብስክሌቱን እየገፋ በእግሩ ይሻገራል። ቤት ሲደርስ ጋዎኑን አውልቆ ሳሎኑ ጥግ ካለው ምስማር ላይ ይሰቅላል። ይቀመጣል። እህህ፣ ተመስገን።

ባለቤቱ የሻሽወርቅ ትባላለች። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ወንጌላዊት። በሒሳብ አያያዝ ከኮሌጅ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ ቆየች። ከልጅነቷ ጀምሮ ግን ነፍሷ የኮምፒውተር ጨዋታ ላይ ነው። ተማሪ ሳለች ሰፈራችን ካለው ጌም ቤት ትገባለች እየተባለ እናቷ ብዙ ተወቅሳለች። አንድ ቀን የሻሽወርቅ ጎትታ ልታወጣት ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። በሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ስታይ ልጅቱ ተቀምጣ ትጫወታለች፤ ወንዶቹ ሁሉ ከኋላዋ ቆመው ያያሉ። ሳትጠራት ተመለሰች። «ስትስቅ አየኋት» ብላ ለምናሴ ነገረችው፤ ነገሩ በዚያው ቀረ።

የየሻሽወርቅ ዕቁብ የደረሰ ጊዜ ታዲያ የተገዛው ኮምፒውተር ነው። ወደ ሐዋሳ የተዛወረ አንድ መምህር ሸጦት የሄደ፣ ትልቅ ጥቁር ሣጥን ያለው፣ ውስጡ ለከባድ ሥዕል የሚሆን ካርድ የተገጠመለት ነበር። የተቀመጠውም ሳሎኑ ጥግ ነው፤ ሶኬቱ ያለው እዚያ ነውና። ከምናሴ ምስማር ሥር።

የሻሽወርቅ ዳንቴል ትሠራለች። እጇ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ሬዲዮው አለው፣ ማቀዝቀዣው አለው፣ የወንበሮቹ መደገፊያ አለው፣ የውሃ ጀሪካኑ እንኳ ሳይቀር አለው። ቤቷ የገባ ዕቃ ራቁቱን አያድርም። ኮምፒውተሩ በገባ በሁለተኛው ወር ሣጥኑን ልክ እንደ ሸሚዝ ከላይም ከጎንም ከፊትም የሚያለብስ ነጭ ዳንቴል ጨረሰች። ዙሪያውን የወይን ሐረግ፣ መካከሉ ላይ መስቀል። ለመክፈቻው ቁልፍ ቀዳዳ ሠራችለት፤ ከኋላም ለገመዶቹ። አንዴ ከለበሰ መውለቅ አያስፈልገውም።

ወንጌላዊት መጀመሪያ «እማዬ፣ አይታፈንም?» ብላ ነበር።

«ዳንቴል እኮ ነው ልጄ፣ ሁለመናው ቀዳዳ። ነፋስ ያስገባል፣ አቧራ ያስቀራል።»

ልጅቱም እናቷ ሁለት ወር ዓይኗን ያፈሰሰችበትን ሥራ አውልቂው ለማለት አፏ እምቢ አላት። ደግሞ ያማረ ነበር። እኔም አይቼ አድንቄያለሁ።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ለወንጌላዊት አንድ ደብዳቤ በስልኳ መጣላት። አዲስ አበባ ያሉ ጥቂት ወጣቶች የኮምፒውተር ጨዋታ እየሠሩ ኖሯል። ከመሸጡ በፊት በየከተማው፣ በየሰዉ ቤት ባለ ተራ ኮምፒውተር ላይ የሚሞክርላቸው፣ ስሕተቱን እየለቀመ የሚጽፍላቸው ሰው ይፈልጋሉ፤ በደመወዝ። ፈተናው አንድ ነው። ጨዋታውን፣ ሥዕሉን ከፍተኛው ደረጃ ላይ አድርጎ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይቋረጥ መጫወት፤ ኮምፒውተሩ ራሱ እየቀዳ፤ ቀረጻውን ከተገኘው ስሕተት ዝርዝር ጋር መላክ። ሥዕሉን ዝቅ ማድረግ አይፈቀድም። ማወቅ የፈለጉት የቤት ኮምፒውተር ይችለው እንደሆነ ነዋ። የመጨረሻው ቀን ግንቦት ዐሥራ ሁለት፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት።

ጨዋታውን ምናሴ ያየው ከጧት ፈረቃ በተመለሰ ቀን ነው። አንድ ጋቢ የለበሰ መልእክተኛ በበቅሎ ሆኖ የሐይቅ ዳር ዳሩን ይሄዳል። ሣሩ ይወዛወዛል፤ ዝናብ ሲመጣ ጠጠሩ ይረጥባል፤ ፀሐይ በዛፉ ቅጠል መካከል ትገባለች።

«ይህ ሁሉ ሣር እዚህ ሣጥን ውስጥ ነው?» አለ።

«የለም አባዬ። አሁን አሁን እየሣለው ነው። እያንዳንዷን ሣር፣ ጥላዋንም። በሴኮንድ ስልሳ ጊዜ እያጠፋ እንደገና ይሥለዋል።»

«በደቂቃ ማለትሽ ነው።»

«በሴኮንድ።»

«የእኛ ማሽን በደቂቃ ሁለት መቶ ጊዜ ነው ክር የሚወረውረው፤ እሱም ይደክማል» አለና ዓይኑን ጨፈነ። እንቅልፍ ወስዶታል ብላ ነበር፤ ኋላ ግን ሳይገልጥ «እንዲህ ያለውን ሥራ ማን አዘዘው?» አላት።

በዚያ ቀን ኮምፒውተሩ በሃያ ሦስተኛው ደቂቃ ድርግም አለ። መብራት ጠፋ ብለው ቀና ሲሉ አምፖሉ በርቷል። በማግስቱ በዐሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ጠፋ። የሥራ ማመልከቻ ስትጽፍበት ቀኑን ሙሉ ይውላል፤ ጨዋታው ሲከፈት ግን ከግማሽ ሰዓት አይዘልም። መብራቱ ከፍ ዝቅ እያለ ነው ተብሎ ስታቢላይዘር ከዘመድ ተዋሱ። በሃያ አንደኛው ደቂቃ ጠፋ።

ከዚያ የምናሴ መከራ ጀመረ። ባጃጅ የሚነዳው አስናቀ የማኅበራችን አባል ነው፤ አፈኛ፣ ሰው ሲያዝን ማየት ስለማይችል የሚቀልድ። በእሱ ባጃጅ፣ ሣጥኑን እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ከተማ ወሰደው። የሻሽወርቅ «መንገድ ላይ እንዳይቆሽሽ» ብላ ልብሱን አውልቃ አስቀረችው። ጥገና ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሳይከፍተው ሰካው፣ አስነሣው፣ አንድ ሁለት ነገር ነካካ፣ «ምንም የለበትም አባባ» አለ። ምናሴ ደስ ብሎት ተመለሰ። የሻሽወርቅም ልብሱን አለበሰችው። በሃያኛው ደቂቃ ጠፋ።

ሌላ ጥገና ቤት ሄደ። ይህኛውም ሳይከፍት «ካርዱ አርጅቷል፤ ቀይሩት» አለ። የካርዱን ዋጋ ሲነግረው ምናሴ በደንብ አልሰማሁም መሰለኝ ብሎ አፉን እያየ እንደገና ጠየቀው። ሰምቷል።

«አንተ» አለችው የሻሽወርቅ ያን ቀን ማታ እራት ስታቀርብ፤ «ስንት ማሽን ያስነሣህ ሰው ለምን ራስህ አታየውም?»

«እኔ የማውቀው ብረት ነው። ይሄ የተማረ ሰው ዕቃ ነው።»

«የተማሩት አዩት እኮ።»

«እነሱ ያላወቁትን እኔ ላውቅ?» አለ። ይህን ያለው በትሕትና ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን ትሕትናና ድካም አንዳንድ ጊዜ መልካቸው ይመሳሰላል። ሰው ዕድሜ ልኩን «አንተ ዝም በል» ሲባል ከኖረ፣ ኋላ ማንም ሳይለው ዝም ይላል።

የግንቦት ሚካኤል፣ ያው የፈተናው የመጨረሻ ቀን፣ ተራ የምናሴ ነበር። እሱ በሌሊት ፈረቃ አድሮ ጧት አንድ ሰዓት ላይ ገባ። ጋዎኑን ሰቀለ፤ ሊተኛ ሲል ድንኳን ባይኖርም አግዳሚ ወንበር መዋስ አለ፣ ጠላ ማውረድ አለ፣ ውሃ አልመጣም። ሳይተኛ ቀረ። መብራቱ ደግሞ ከንጋት ጀምሮ አልነበረም። ወንጌላዊት እንጀራ እየቆረሰች በየጊዜው ቀና ብላ አምፖሉን ታያለች። ቤቱ ግን ለበዓሉ ለብሷል፤ የታጠበ ዳንቴል በየዕቃው ላይ፣ የኮምፒውተሩም ልብስ በስታርች ተመትቶ ቀጥ ብሎ።

ከስድስት ሰዓት በኋላ ተሰበሰብን። የንስሐ አባታችን መምሬ ገብረ ኪዳን ጸሎት አድርሰው፣ ዳቦው ተባርኮ፣ ጽዋው ሲዞር፣ ሰባት ሰዓት አካባቢ አምፖሉ ቦግ አለ። ወንጌላዊት ማዕዱን እንደያዘች ደርቃ ቆመች። እናቷን አየቻት፤ እናቷም እንግዶቹን አየች።

ነገሩን ያወቀ አስናቀ ነው። «እትዬ የሻሽ፣ ልጅቷን ልቀቂያት። እኛ ብንሆን ጠላ ከቀዱልን አንጠፋም፤ የሚጠፋው መብራት ነው።»

«በጽዋ መካከል ጨዋታ?» አለች የሻሽወርቅ በኀፍረት።

«ጨዋታ አይደለም፣ የእንጀራ ነገር ነው» አሉ መምሬ። ጉዳዩን ምናሴ ለጸሎት ብሎ ነግሯቸው ኖሯል። «ትሥራ። እኛም እናያለን።»

ተከፈተ። መልእክተኛው በቅሎው ላይ ሆኖ ከሐይቁ ዳር ወጣ። ዐሥራ አንድ ሰው ሥጋ ወጡን ትቶ ወደ ጥግ ዞረ። መምሬ ወንበራቸው ከሣጥኑ ጎን ስለነበረ ክንዳቸውን ላዩ ላይ አሳርፈው ያዩ ጀመር። ምናሴ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ቢቀመጥ እንደሚተኛ ያውቃል።

አሥር ደቂቃ ሆነ። ዐሥራ አምስት።

«ምናሴ» አሉ መምሬ ክንዳቸውን አንሥተው፤ «ይህ ዕቃህ ታሟል። ያተኩሰዋል።»

ሁላችንም ሳቅን። ምናሴ ከንፈራቸውን አንብቦ፣ እሱም ፈገግ እንዳለ፣ ምናልባት መምሬን ለማስደሰት ብሎ መጣና ጎንበስ አለ። እጁን ዘረጋ። ሳያስበው መዳፉን ገልብጦ በእጁ ጀርባ ነካው፤ በዳንቴሉ ላይ።

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ሲጠፋ አየሁ። እጁን በዳንቴሉ ሥር አስገብቶ ከኋላ በኩል ነካ፤ ከጎን ነካ። ጆሮውን ሣጥኑ ላይ ለጠፈ፤ የደከመ ጆሮ ምን እንደሚሰማ አላውቅም። ከዚያ ቀና ብሎ ጋዎኑን አየው፤ ከሣጥኑ በላይ ተሰቅሎ፣ የሌሊቱ ብናኝ ገና እንዳለበት። ብዙ አየው።

«ዝጉት» አለ።

«አባዬ! ዐሥራ ስምንት ደቂቃ ሆኗል እኮ!»

«ዝጊው ልጄ። ሞተር ነው ይሄ። ሲሞት ሳይሆን በሕይወቱ እንዝጋው።»

ከተጋቡ ወዲህ በቤቱ ውስጥ እንደዚያ ባለ ድምፅ ተናግሮ አያውቅም፤ ይህን ያለችኝ የሻሽወርቅ ናት። ወንጌላዊት ዘጋችው። ዓይኗ እንባ ሞላ።

ምናሴ ገመዱን ነቅሎ ከመሣሪያ ቦርሳው መፍቻ አወጣ። ያን ጊዜ የሻሽወርቅ ወደ ቄሱ ዞረች። «መምሬ፣ በሚካኤል ቀን መፍቻ ይነሣል?»

«ሕመምተኛ የሚጠየቀው በበዓል አይደለም እንዴ?» አሉ መምሬ። «እኔ እያለሁ ምን አስፈራሽ? ፍታው ልጄ።»

ለምናሴ የቀረው ከባድ ነገር ብሎኑ አልነበረም። ዳንቴሉን በሁለት እጁ ይዞ ሚስቱን አያት። እሷም አፉን ጠበቀች፤ ኋላ ገባት መሰለኝ ራሷ መጣችና ከታች ወደ ላይ፣ የሕፃን ሸሚዝ እንደሚወለቅ፣ ቀስ አድርጋ አወለቀችው። አጥፋ ጉልበቷ ላይ አኖረችው።

የጎኑ ክዳን ሲነሣ ሁላችንም ጎንበስ አልን። ውስጡ ነጭ ነበር። ማራገቢያው ላይ፣ ከሥሩ ባሉት ስስ የብረት ቅጠሎች መካከል፣ ካርዱ ላይ፣ ጥጥ ተነጥፏል፤ ባዘቶ የመሰለ፣ ከብዛቱ የተነሣ ተጋግሮ ጨርቅ ሊሆን የደረሰ። ከፋብሪካው በጋዎን እየተሸከመ ያመጣው፣ ምስማሩ ላይ ሲሰቅለው የሚረግፈው፣ በዳንቴሉ ቀዳዳ እየተሳበ የገባው፣ ዳንቴሉም ሙቀቱን ይዞ እንዳይወጣ ያደረገው።

«በስመ አብ» አለች ወንጌላዊት።

«ጋሽ ምናሴ፣ ፋብሪካው ቅርንጫፍ ከፍቷል አትለንም?» አለ አስናቀ።

ምናሴ አልሳቀም። «እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «በየቀኑ ይዤለት የምመጣ እኔ ነኝ።»

«አልብሼ ያፈንሁት እኔ ነኝ» አለች የሻሽወርቅ።

«ኃጢአቱን ኋላ ትካፈላላችሁ» አሉ መምሬ፤ «ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

እውነት ነበር። ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው፤ መብራቱም ቃል የለው። ምናሴ የብስክሌቱን መንፊያ አመጣ፤ አስናቀ ሲነፋ እሱ ጫፉን ይዞ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣቱ እየደገፈ አመላከተው። ብናኙ ተነሥቶ ነጠላችን ላይ ዐረፈ። በብረቶቹ መካከል የተጋገረው ግን በንፋስ አልወጣ አለ። ጣቱ አይገባም፣ መፍቻውም አይገባም። ያን ጊዜ የሻሽወርቅ ከቀሚሷ አንገት ላይ ሰክታ የምታውለውን ኪሮሽ አወጣች። ያች ቀጭን፣ ጫፏ እንደ መንጠቆ የታጠፈች፣ ዳንቴሉ ራሱ የተሠራባት። ተንበርክካ፣ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፣ አንድ በአንድ መዘዘችው። ጥጡ ገመድ ሆኖ ወጣ። ምናሴ በስልኩ መብራት ያበራላታል። «እዚች ጋ ቀርታለች» ይላታል፤ «አየኋት» ትለዋለች። እንዲያ ጎን ለጎን ተንበርክከው ሲሠሩ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ስምንት ተኩል ላይ ክዳኑ ተዘጋ። ሣጥኑ ራቁቱን፣ ከግድግዳው ክንድ ያህል ርቆ ተቀመጠ። ጋዎኑን አስናቀ አንሥቶ ውጭ ሽቦ ላይ ጣለው። ወንጌላዊት አማተበችና ከፈተች።

ማንም ወደ ማዕዱ አልተመለሰም። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ያለ ድምፅ አለፉ፤ ከዚያ ምላሳችን ተፈታ።

«በቅሎዋ እርካብ የላትም» አሉ መምሬ። «እግሩ የት ላይ ነው ያረፈው? እኔ ዐሥራ ሁለት ዓመት በቅሎ ተቀምጫለሁ።»

ወንጌላዊት ጻፈች።

መልእክተኛው ታንኳ ላይ ወጣና ከዳር ዳር ሮጠ። «ኧረ ወዲያ!» ብሎ አስናቀ ጮኸ። «ታንኳ ላይ ይሮጣል? የደንገል ነው እኮ፣ ይገለብጠዋል! ደግሞ መቀመጫው እንዴት ደረቀ? ታንኳ ውሃ ይጠጣል፤ አባቴ ከዘጌ ተሳፍሮ ሲመጣ ሱሪው ሳይርስ የገባበት ቀን የለም።»

ጻፈች።

ምናሴ ሣጥኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ የእጁን ጀርባ ከጎኑ አላነሣም። ሠላሳ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ነፋስ መጣና የመልእክተኛው ጋቢ ወደ ላይ በረረ። ምናሴ ቀና አለ።

«ይሄ ጋቢ አይደለም» አለ።

«ምኑ አባዬ?»

«ጋቢ እንዲህ አይነሣም። አራት እጥፍ ነው፤ ይከብዳል። ጫፉ ይወዛወዛል እንጂ መሐሉ ከትከሻ አይለቅም። ይሄ ነጠላ ነው፤ ነጠላም ሆኖ ጥለቱ ከበድ ስለሚል ከታች ይስበዋል። ጥለት የሌለው ነው የሣሉት። ሻሽ ነው።»

ልጅቱ እጇን ከመጫወቻው ሳታነሣ ዞራ አየችው። «እንደገና በለው፣ ቀስ ብለህ» አለችው፤ አስናቀ በስልኩ ቀዳላት።

በአርባ ስድስተኛው ደቂቃ አምፖሉ ደብዘዝ አለ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። መምሬ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ። አምፖሉ ቀላ፣ ቀላ፣ ከዚያ ተመለሰ። ስታቢላይዘሩ ቀጭ ብሎ ዝም አለ፤ በቅሎዋ ግን መንገዷን አላቋረጠችም።

ስልሳኛው ደቂቃ ሲሞላ ወንጌላዊት «አለቀ» አለች፤ ዝቅ ባለ ድምፅ። እንደ ሠርግ ቤት እልል ያለችው በሩ ላይ ቆማ ታይ የነበረች ጎረቤት ናት። የሻሽወርቅ ዳንቴሉን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። አባትየውን ሁላችንም ፈለግነው። እጁ ሣጥኑ ላይ እንዳለ፣ ራሱን ግድግዳው ላይ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። አምፖሉ ከተመለሰ በኋላ ይመስለኛል የተኛው።

«እንዳትቀሰቅሱት» አሉ መምሬ። ማሳረጊያውን ጸሎት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አደረሱ፤ እኛም አሜኑን በሹክሹክታ መለስን። ቀረጻው በኔትወርኩ እየተጎተተ ሄዶ የደረሰው ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜም አልነቃም።

መልሱ በዘጠነኛው ቀን መጣ። ለሦስት ወር በሙከራ ተቀጥራለች፤ ከዚያ በኋላ እንደ ሥራዋ። «ስለ ጋቢው የጻፍሽውን ማን ነገረሽ?» የሚል ጥያቄም ነበረበት። «አባቴ፣ የሽመና ባለሙያ ነው» ብላ መለሰች። ይህን ለምናሴ ስታነብለት ከንፈሯን እያየ ነበርና ባለሙያ የምትለዋን ቃል ሁለት ጊዜ አስደገማት።

ሦስት ወሩ ገና አላለቀም፤ እንጸልያለን። የምናሴ ድካም አልቀነሰም፤ ፈረቃው ያው ነው፣ ድልድዩም ያው። የሻሽወርቅ ያን ልብስ አልጣለችውም። ወንጌላዊት ሥራዋን ስትጨርስና ሣጥኑ ሲበርድ ታለብሰዋለች፤ ሲበርድ የምታውቀው እሷም በእጇ ጀርባ ነው። ምስማሩ ከሳሎኑ ተነቅሎ ውጭ፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር ተመትቷል። ክረምቱ ስለገባ ታዲያ ጋዎኑ በነፋስ የሚመጣ ዝናብ ይነካዋል። ባለፈው በሐምሌ ሚካኤል ማግስት በጧት ቤተ ክርስቲያን ስሄድ መንገድ ላይ አገኘሁት፤ ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ሥራ ሲወርድ፣ ጋዎኑ ከጀርባው ርሶ ተለጥፎበታል።

«ይበርድሃል እኮ ወንድሜ» አልሁት።

ከንፈሬን አየና «እሱ ይተንፍስ እንጂ» አለ፤ በአገጩ ወደ ቤቱ እያመለከተ። ብስክሌቱን ቀና አድርጎ ወደ ድልድዩ ሄደ።